የዳይሬክተሩ ድክመት

የዘጠነኛ "ለ" ተማሪዎች ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ረጅም አንቀጽ ሲገለብጡ፣ የእንግሊዝኛ መምህርታቸው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ በስልኳ ስለ ማስተማር ትማራለች። ሞጁል ሰባት፣ "ተማሪን የማናገር ጥበብ"። ስልሳ ሁለቱም ትንፍሽ አይሉም። አንዷ እጇን ብታወጣ፣

"ቆዪ፣ ጨርሰሽ ጻፊ" አለቻት፤ ጥበቡን አቋረጠችባታ።

ሞጁሉን ስትማረው ሁለተኛዋ ነው፤ አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለዳይሬክተሩ። ዳይሬክተሩ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ጂኦግራፊ ነው። ነገር ግን የኦንላይን ሥልጠናውን የጨረሰ የእንግሊዝኛ መምህር ለትምህርት ቢሮ ሹመት ቅድሚያ ያገኛል ሲባል ሰማ። ድሮ የታመመ መምህር ተክቶ አንድ ወር እንግሊዝኛ ማስተማሩ ትዝ አለውና ዓይኑን በጨው አጥቦ ተመዘገበ። የይለፍ ቃሉንም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጣት፤ ለሱ ሥልጠናው ያን ዕለት አለቀ።

እምቢ እንዳትለው መሳቢያ አለው። እናቷ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት አምስት ወር ሆኗታል፤ ታናሽ እህቷ የስፌት ሥራዋን ትታ ብቻዋን ታገላብጣታለች። እናቷ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት መምህርቷን ሊቀበላት ተስማምቷል። የቀረው የዳይሬክተሩ ፊርማ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤው ተጽፎ አልቆ፣ ሳይፈረምበት መሳቢያው ውስጥ ተቆልፏል። እግሯ እስኪቀጥን ተመላልሳለች። "ሥልጠናው ይጠናቀቅና" ነው መልሱ።

ስልኩ ጥያቄ አወጣ። እንደ መምህር ድክመትዎ ምንድን ነው? ከሦስት መቶ ቃል ባላነሰ ይግለጹ።

ለራሷ ስትመልስ እንደ ሰዉ ሁሉ ዋሽታ ነበር፤ ሥራዬን ከመጠን በላይ እወዳለሁ ብላ። በዳይሬክተሩ ስም ግን የሆድ የሆዷን በእንግሊዝኛ ጻፈች። "ክፍል ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት የማወራው የምለው ስላለኝ ሳይሆን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ነው። የሰው ጉዳይ መሳቢያዬ ውስጥ ስቆልፍ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።" ልካው አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ማን ያነበዋል ብላ ነው። የሥልጠናው የኦንላይን መድረክ ላይ ያሉት ሁለት መቶ የእንግሊዝኛ መምህራን አንዱ ለሌላው "ግሩም ሐሳብ ነው" እያሉ ነጥብ ይሰበስባሉ። ባለፈው አንዱ አባቴ ስለሞቱ የቤት ሥራዬን አዘገየሁ ብሎ ቢጽፍ፣ አሥራ አራት ሰው "ግሩም ሐሳብ ነው" ብሎታል።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራት። ሱፍ ለብሷል፤ ፀጉሩን ተስተካክሏል።

"ተመረጥኩ" አላት ደረቱን ነፍቶ።

"ለምን?"

"በድክመቴ። ከሁለት መቶ ሰው አንደኛ ወጣሁ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ በቀጥታ ስርጭት አነበዋለሁ።"

መምህርቷ ፈጠን ብላ፣ "ሌላ ላዘጋጅልዎ? ያኛው ትንሽ ይረዝማል።"

"አንደኛ የወጣውን ትቼ? ደግሞ ጽሑፉ እነሱም ጋ አለ፤ እያዩ ነው የሚከታተሉኝ። ይልቅ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል ጻፊልኝ፤ ምላሴ እንዳይተሳሰር።"

"ምን እንደሚል አይጠይቁኝም?"

"ድክመት ነዋ። ድክመት ያው ድክመት ነው።"

ቁጭ ብላ ጻፈችለት። እያነበበ መሃል ላይ ትርጉሙ ከገባው ደብዳቤው አበቃለት፤ እሷም ይህን እያወቀች ነው የጻፈችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ከካሜራው ጎን ቆማ ወረቀቱን በዓይኑ ትክክል ያዘችለት። እሱም አነበበ። ድምፁ ሲያምር። ከሱ ሌላ የሚያወራ በሌለበት ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ስብሰባ የመራ ሰው ድምፅ ነው። መሳቢያው ጋ ሲደርስማ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ አደረገው። ሁለት መቶው መምህር የጭብጨባ ምልክት አዘነበ። ማዳመጫ ያደረገችው የሥልጠናው አሠልጣኝ ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ጠርጋ እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም አለች፤ ለሌሎች ዳይሬክተሮች አሠልጣኝ እንዲሆንም እንደምትጠቁመው ተናገረች። መምህርቷ በሹክሹክታ ተረጎመችለት። ይህን ያህል ሰው እንግሊዝኛ እያስተማረ ሰውዬው የሚያነበው እንዳልገባው ያስተዋለ አንድ እንኳ መጥፋቱ አስጠላት።

ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን ዘጋ።

"እንግዲህ ደብዳቤዬን ይፈርሙልኝ" አለችው። "ሥልጠናው አለቀ።"

"አለቀ? ገና መጀመሩ ነው እንጂ። አሠልጣኝ ስሆን ማን ሊያዘጋጅልኝ ነው? ዓመቱን ታገሺኝ። እናት እንደሆነች የትም አትሄድም።"

ወሽመጧ ተቆረጠ። የዚያኑ ጊዜ ስልኳ ጠራ፤ እህቷ ናት። ወደ መስኮቱ ሄደች።

"እታለም፣ ፈረመልሽ?"

"አልፈረመም።"

"እማዬን ዛሬ ሳነሣት ወገቤ ቀጭ አለ። እኔም ከወደቅኩ እኮ ሁለት ነን።"

"አውቃለሁ። እደውልልሻለሁ።"

ስትመለስ ስክሪኑ ላይ የአሠልጣኟ መልእክት ተጽፏል፤ ይህን ድንቅ ጽሑፍ እንዴት እንደጻፉት ለባልደረቦችዎ በጥቂት መስመር ያካፍሉ ይላል። ዳይሬክተሩ ሚስቱ ጋ ደውሎ "አየሽኝ? ጠረጴዛውን ስመታውስ?" እያለ ነው። በእጁ ወንበሩን አሳያት። "መልሺላት።"

ተቀመጠች። አንድ የሚያምር ውሸት ብትጽፍ ከዓመት በኋላ ይፈርም ይሆናል፤ ላይፈርምም ይችላል። እውነቱን ብትጽፍ የሱም የሷም ሰርተፊኬት ይቀደዳል፤ ደብዳቤዋን ከእንግዲህ ከዚህ ቢሮ ሳይሆን ከትምህርት ቢሮ፣ በክስ ነው የምታገኘው፣ ካገኘችው። ስትንቀው ሦስት ወር ሆኗታል። ሦስት ወር ሙሉ እየናቀችው አገልግላዋለች፤ ልጆቹንም አንቀጽ አስገልብጣለች። ከሱ ይልቅ ይኼ አቃጠላት።

በአጭር እንግሊዝኛ ጻፈች። "ይህን ጽሑፍ እሳቸው አልጻፉትም፤ ምን እንደሚልም አያውቁም። የሁሉንም ሞጁል መልስ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። የሠራሁትም መልቀቂያዬን ስለያዙብኝ ነው።" ከሥሩ ሙሉ ስሟንና ስልክ ቁጥሯን አስገባች።

"ላንብብልዎ?" አለችው።

ዳይሬክተሩ የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፈነ። "ምን ያስነብባል? ላኪው፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።"

ላከችው።