ያደገ ልጅ ልብስ

አዲስ ክር አልገዛም። ልጆቼ «እማዬ፣ ሱቁ ሞልቶ የለም ወይ?» ይሉኛል፤ ይሙላ። አዲስ ክር ጠባዩ ገና አይታወቅም። አንዴ ሲታጠብ ይለጠጣል፣ ሁለቴ ሲታጠብ ቀለሙን ይለቃል። አሮጌ ሹራብ ግን ያለበትን ዓመል ሁሉ ለሌላ ሰው አሳይቶ ጨርሶ ነው እጄ የሚገባው። አሰላ ብርድ ነው፤ ያረጀ ሹራብ የሌለበት ቤት የለም። ከሰልባጅ ተራ እመርጣለሁ፣ ጎረቤትም ይሰጠኛል። የጎኑን ስፌት በምላጭ ፈትቼ ጫፉን እይዝና እተረትራለሁ። የተተረተረ ክር ስለሚጨማደድ ወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥሜ አወልቀውና አጥበዋለሁ፣ ከዚያ ከባድ ቁልፍ አንጠልጥዬበት ሽቦ ላይ እሰቅለዋለሁ። ሲደርቅ ቀጥ ይላል።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «አንቺ ሴትዮ፣ የለበስኩትን እንኳ እስካወልቀው ታገሺኝ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ነፍሱን ይማረውና የእሱንም ሹራቦች ተርትሬ ለልጅ ልጆቹ ኮፍያ ሠርቼባቸዋለሁ። ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ማልቀስ ለእኔ አይሆንልኝም።

ግቢዬ ውስጥ በማከራየው ክፍል ሰሎሜ ትኖራለች። የደሴ ልጅ ናት፤ መንግሥት መድቧት እዚህ በጸሐፊነት ትሠራለች። ባሏ ብሩህ መምህር ነው፤ እሱን ደግሞ ራቅ ያለችው አርቦዬ ላይ ወረወሩትና ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው የሚመጣው። ሰሎሜ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ እቅፏ ባዶ ቀርቷል። የመጀመሪያው በአራት ወሩ ወረደ። ሁለተኛዋ በሰባት ወሯ ተወልዳ ሳይነጋ ሞተች። ይህንንም የነገረኝ ብሩህ ነው እንጂ እሷ ትንፍሽ አላለችም። ሦስተኛውን ስታረግዝ ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ለማንም አልተናገረችም። ከገፋም በኋላ አልተናገረችም።

በአገራችን ልጅ ሳይወለድ ልብስ አይገዛለትም። ልጅ ላልበረከተላት ሴት ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። እናቴ «ልጅ ያልቆመላት ሴት ለልጇ አዲስ አታልብስ። ያደገ ልጅ ልብስ ለምና ታልብሰው፤ የዚያ ልጅ ዕድሜ ይጋባበታል» ትል ነበር። እኔ በሟርት አላምንም። ባላምንም ግን እናቴን መስማት ምን ይጎዳኛል? ስለዚህ ለሰሎሜ ልጅ ካደጉ ልጆች ሹራብ በተተረተረ ክር መታቀፊያ ልሠራ ቆረጥኩ።

ልመናውን የጀመርኩት ከዘመድ ነው። ኢተያ ያለችው እህቴ የልጇን የአስናቀን ቡናማ ሹራብ ላከችልኝ። አስናቀ ዛሬ ስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ይነዳል፤ ቁመቱም በር ላይ ጎንበስ ካላለ አያስገባውም። ከታች ሰፈር የዲያቆኑን የባንተአምላክን ቢጫ ሹራብ አገኘሁ። ልጁ ጢም አብቅሏል፤ እናቱ ግን «ቢጫዋን ሹራብ ለብሶ እንዴት ያምር ነበር» እያለች አሁንም ታወራለች። ዩኒቨርሲቲ የገባው የዲሪባ እናት ደግሞ ነጩን ሹራቡን «ዕድሜውን ውሰጂለት፣ የዕንቅልፉን ነገር ግን ተይው፤ ይህ ልጅ ሲተኛ አይነቃም» ብላ ሳቀችና ሰጠችኝ።

ፈይሩዛ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። ከአርቦዬ መጥተው እዚህ ከሰፈሩ ገና ጥቂት ዓመት ነው። እሷ ሽንኩርትና ድንች ትቸረችራለች፤ ባሏ ሚፍታ ባጃጅ ይነዳል። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ ነቢላ ቁመቷ እኔን አልፏል።

«ፈይሩዛ፣ ያደገ ልጅ ሹራብ የለሽም?» አልኳት በአጥሩ ላይ።

«ለማን ነው እትዬ ተናኘ?»

«ለሰሎሜ። ለሚመጣው።»

ወደ ውስጥ ገባች። ቆየች። እኔም ይህን ያህል ምን ትፈልጋለች ብዬ ማጉረምረም ጀምሬ ነበር። ስትወጣ በላስቲክ የተጠቀለለ አረንጓዴ የልጅ ሹራብ ይዛለች። ንጹሕ ሱፍ ነው፤ ትከሻው ላይ ብቻ ብል ጀምሮታል። የነቢላ መስሎኝ አመስግኜ ወሰድኩት። አረንጓዴው ሲተረተር አንዴም አልተበጠሰም።

መታቀፊያውን ከታች ወደ ላይ በቀለም በቀለም ሠራሁት፦ ቡናማ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ነጭ። ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የምሠራው፤ ሰሎሜም ከሥራ ስትመለስ በፊቴ ነው የምታልፈው። አንድ ቀን እንኳ ለማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ ዓይኗን ግን ወደ እጄ አታወርድም። «ነይ እስቲ፣ ስጠቀልል ክሩን በሁለት እጅሽ ያዢልኝ» ስላት «ሥራ አለብኝ» አለችኝና ገባች። እውነቱን ለመናገር ተቀየምኩ። እንዲህ ለእሷ ስደክምላት ጣቷን እንኳ ብታስነካው ምን ነበረበት? ፈርታ እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ተቀየምኩ።

ሊጠናቀቅ ትንሽ ሲቀረው ሰሎሜ ለምርመራ ሄዳ ዝናብ ያዛትና ሚፍታ በባጃጁ ይዟት መጣ። ቦርሳዋን በረንዳው ላይ አስቀምጦላት ሊመለስ ሲል ወንበር ላይ የተሰቀለውን መታቀፊያ አየ። እጁን በሱሪው ጠረገና አረንጓዴውን ነካው።

«እማማ፣ ይሄ ክር ከየት መጣ?»

«ሚስትህ ናት የሰጠችኝ። የነቢላ ነው መሰለኝ።»

«የነቢላ አይደለም» አለ። «የአማን ነው። የልጄ።»

ወንድ ልጅ እንዳላቸው አላውቅም። «አማን ደግሞ የት ነው ያለው?» አልኩት፣ እንደዋዛ።

«አርቦዬ ነው ያለው» አለ። «አርቦዬ ነው የቀበርነው። ትኩሳት ነው የወሰደብን። ማሎ፣ ምነው እማማ፣ ሹራቡ ሳጥን ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር።»

ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። ሰሎሜ ከጎኔ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም፤ ቦርሳዋን አንስታ ገባችና በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ደሜ ፈላ። ጥላ እንኳ ሳልይዝ በዝናብ ወደ ፈይሩዛ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ሸራ ወጥራ ሽንኩርት ስትለቅም አገኘኋት።

«እኔ ምን ብዬ ነው የለመንኩሽ?» አልኳት። «ያደገ ልጅ አላልኩሽም? የሁለት ሴት ልጆችሽ ልብስ እያለ የሞተ ልጅ ልብስ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል? ያውም ለዚያች ልጅ?»

የምትክድ ወይም የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ሽንኩርቱን አስቀመጠችና ቀና አለች።

«አድጓል እኮ እትዬ ተናኘ» አለች። «ለሌላ ሰው ሞቷል፤ እኔ ግን አሳድገዋለሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ዘንድሮ ስንተኛ ክፍል ይገባ ነበር እላለሁ። የጎረቤት ልጅ ጫማ ሲጠበው ሳይ የእሱም ጠቦት ነበር እላለሁ። እርስዎ ያደገ ልጅ ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው። ሴቶቹማ እራሳቸው አሉ፣ ልብሳቸው ምን ያደርግልኛል? የእሱን ግን ብል ጀመረው። ብል በልቶ ከሚጨርሰው ሌላ ልጅ ይሙቀው አልኩ። ክፉ አስቤ አይደለም።»

ንዴቴ አልበረደም፤ የማወርድበት ቦታ ግን አጣሁ። «ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ብቻ አልኳት።

«ብነግርዎ ይወስዱት ነበር?»

አልወስደውም ነበር።

ተመልሼ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ቆማ የምታየኝ መሰለኝ። የእጅ ሥራ ሹራብ ደግሞ የሚፈታው ካበቃበት ጫፍ ነው፤ መሀሉን ብቻ መርጦ ማውጣት አይቻልም። አረንጓዴውን ለማውጣት የዲሪባንና የባንተአምላክን ማፍረስ አለብኝ። መርፌውን አወጣሁና ክሩን ሳብኩ። የስንት ቀን ሥራዬ እግሬ ሥር ይከመር ጀመር። ነጩ አልቆ ቢጫው ላይ ስደርስ የሰሎሜ በር ተከፈተ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ስህተቴን እያወጣሁ ነው። አትጨነቂ፣ ይደርሳል።»

መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ያን በረንዳ ስትቀመጥበት የመጀመሪያዋ ነው። እጇን እጄ ላይ ጫነችና «ይተዉት» አለችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ለአንቺ አይሆንም። ደግ አይደለም።»

«ሁለተኛዋ ስትወለድ ምንም አላዘጋጀሁም ነበር» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ጠጋ ማለት ነበረብኝ። «አስቀድሞ አይገዛም አሉኝ፣ አልገዛሁም። ነርሷ የሕፃኗን ልብስ አምጡ ስትል ብሩህ ባዶ እጁን ቆመ። በነጠላዬ ጠቅልለው ወሰዷት፤ ነጠላውም አብሯት ተቀበረ። ካልሲ እንኳ አልነበራትም። ስንጠነቀቅላት ነው እራቁቷን የሄደችው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እሷ ወደ መታቀፊያው እያየች ነው የምታወራው።

«ሚፍታ አረንጓዴውን ሲነካ አየሁት። ልጁን ነው የነካው። እኔ የምነካው ክር የለኝም፤ ያቺ ልጅ መኖሯን የሚያሳይ አንድ ነገር ቤቴ ውስጥ የለም። ፈይሩዛ ያላትን አንድ ነገር ሰጥታኝ እኔ ቀፈፈኝ ብዬ ላስወጣባት? ይተዉት እትዬ ተናኘ። ልጄ ይታቀፍበት። ከመጣም ይታቀፍበት፣ ካልመጣም በባዶው አይሂድብኝ።»

«አታሟርቺ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። እናቴ የነገረችኝ ውሸት ነው አልልም። ግን እናቴም ሆነች እኔ፣ ጥንቃቄ ያልነው ነገር ይህችን ልጅ ምን እንዳደረጋት ጠይቀን አናውቅም። መሬት ላይ የተዘረገፈውን ክር አነሳሁ፤ ሰሎሜም ሳልጠይቃት ሁለት እጇን ዘረጋች። ክሩን መልሰን ጠቀለልነው፤ እኔም በማግስቱ ካፈረስኩበት ቀጠልኩ።

ማርያም በሽልም አወጣቻት። ወንድ ልጅ ነው፤ ጩኸቱ ግቢውን ይነቀንቀዋል። ብሩህ ከአርቦዬ እስኪደርስ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ገንፎውን፣ አጥሚቱን እየያዘ ጎረፈ። ሚፍታም ከበር ቆሞ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ሄደ። ፈይሩዛ ብቻ አልመጣችም።

ሰሎሜ ጠብቃ ጠብቃ «ፈይሩዛስ? ይጥሩልኝ» አለችኝ። አጥሩ ጋ ሄጄ ተጣራሁ።

«እኔ አራስ ቤት ምን እሠራለሁ?» አለችኝ ፈይሩዛ። «ልጅ የሞተባት ናት ብለው ያዩኛል። እርስዎም ብለውኛል።»

«ብዬሻለሁ» አልኳት። «አሁን ደግሞ ነይ እያልኩሽ ነው። የላከችኝ እሷ ናት።»

ሻርፗን አስተካክላ መጣች። ከደጃፉ አላልፍ ብላ ስትቆም ሰሎሜ ከአልጋው ጥግ ቦታ ለቀቀችላትና ልጁን ከነመታቀፊያው ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ፈይሩዛ ፊቱን አላየችም፤ ጣቷ መጀመሪያ አረንጓዴውን ነው የፈለገው። በልጁ እግር በኩል አገኘችው።

«ስንት ዓመቱ ነበር?» አለቻት ሰሎሜ።

«ስድስት። የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር፤ እንዳይታይበት አፉን ሸፍኖ ነበር የሚስቀው።» ከዚያ ብዙ አወራች። በግ እንደሚፈራ፣ ወተት ሲቀርብለት ስልባቦቱን እንደሚጠላ፣ ሹራቡን ለመተኛትም አላወልቅም እንደሚል። አጥር ተጋርተን ስንኖር ይህን ሁሉ ተሸክማ ነበር፤ አንድም ቀን አልሰማሁትም።

ስትጨርስ ቀና ብላ ሰሎሜን አየቻት። «ያንቺዎቹስ?» አለቻት።

እኔ ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ነገር አራስን ይጠየቃል? ሰሎሜ ግን አልደነገጠችም። የልብሷን ጫፍ በጣቶቿ ያዘች።

«የመጀመሪያውን ምን እንደሆነ አላወቅሁም» አለች። «ሁለተኛዋ ሮሐ ነበረች። ሆዴ ውስጥ እያለች ነው ያወጣሁላት። ለብሩህም አልነገርኩት።»

ፈይሩዛ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሕፃኑ ላይ ጎንበስ አለችና የተጨበጠ እጁን በአንድ ጣቷ ከፈተችው።

«ሰማህ?» አለችው። «ሮሐ የምትባል ታላቅ እህት አለችህ።»

ሰሎሜ ግቢዬ ከገባች ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው።