ፎቶው ላይ ያለችው ጤና ረዳት

ነጃት ያን ፎቶ የታሪክ ጽሑፏ ሽፋን ላይ ያደረገችው አምናበት ነው። አንዲት ከሲታ ሴት ሁለት ልጆች ታቅፋ ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ «ቆቦ፣ 1977» ይላል። ፌስቡክ ላይ ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ ነው የለጠፈው። ነጃት የቆቦ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲወራ እየሰማች ነው ያደገችው። ፎቶውን ስታይ እንባዋ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልፈለገችም።

የታሪክ መምህሯ የትናየት ግን ጽሑፉን ስትመልስላት ማርክ አልሰጠችበትም። ሽፋኑ ላይ በእርሳስ «ይህችን ሴት ማን አነሳት?» ብላ ጽፋ ብቻ መለሰችላት።

የትናየት ከደጀን ተመድባ የመጣች ወጣት መምህርት ናት። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በጦርነቱ ጊዜ ከተዘረፈ ወዲህ መደርደሪያው ገና አልሞላም። ስለዚህ ኢንተርኔት ሲመለስ ተማሪዎቿ በስልካቸው እየፈለጉ እንዲሠሩ ፈቀደች። ፈቀደች እንጂ አልተወቻቸውም። የነጃት የቡድን ጓደኛ ይድነቃቸው ኤአይ ጠይቆ ያመጣው መጽሐፍ ደራሲ ነበረው፣ ገጽ ነበረው፣ የታተመበት ከተማ ሳይቀር ነበረው። የትናየት ብትፈልግ ብትፈልግ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዓለም ላይ የለም። ክፍሉ በሙሉ ስቆበታል፤ ይድነቃቸውም አብሮ ስቋል፤ ውስጡ ግን ተቃጥሏል።

«ቲቸር፣ ማን እንዳነሳት በምን አውቃለሁ?» አለች ነጃት፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጠብቃ።

«ስልክሽን አምጪው። ጽሑፍ እንደምትፈልጊው ፎቶውን ራሱን አስገብተሽ መፈለግ ትችያለሽ። የት የት እንደወጣ ያሳይሻል። አንቺ የመጀመሪያውን ፈልጊ፤ ከሁሉ የቀደመውን።»

ነጃትና ይድነቃቸው ደንበኛ ኔትወርክ ያለበት ጥግ ፈልገው ተቀመጡ። ፎቶው በብዙ ገጾች ላይ ወጥቷል፤ አንዱ ቆቦ ይላል፣ ሌላው ኮረም፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ የሌላ አገር ስም ይጠራል። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያሉ ሄዱ። መጨረሻ ላይ የደረሱበት የዜና ድርጅት ፎቶ አንሺውን በስሙ ይጠራዋል፣ ቀኑንም ቦታውንም ይናገራል። ሴትየዋ የቆቦ ሰው አይደለችም። የኢትዮጵያም ሰው አይደለችም። ፎቶው የተነሳው ከሰባ ሰባት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በሌላ አገር ረሃብ ነው።

ነጃት ለፌስቡኩ ገጽ በቅንነት አስተያየት ጻፈች። ፎቶው የዚያ አገር ነው፣ ማስረጃውም ይኸውና፣ ብታስተካክሉት አለች። ከሰዓት በኋላ ስልኳን ስትከፍት የስድብ መዓት ወርዶባታል። «የወገንሽን ረሃብ ልትክጂ ነው?» ይላል አንዱ። «ማን ከፍሎሽ ነው?» ይላል ሌላው። ከሰፈሯ የምታውቀው ሰው ሳይቀር የተቆጣ ፊት ለጥፎባታል።

«ተይው በቃ» አላት ይድነቃቸው። «ረሃቡ እውነት ነው አይደል? ሕዝቡ አልቋል አይደል? ፎቶው የትም ቢነሳ ምን ቸገረን?»

ነጃት ስልኳን አጠፋች። ልክ አለመሆኑ ይሰማታል፤ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አቃታት። ቤት ገብታ ለአባቷ ለአሊ ስትነግረው «አብሽሪ፣ ልጄ» አላት። «የሰደበሽ ሁሉ ያኔ አልነበረም። እኔ ነበርኩ፤ ልጅ ብሆንም ነበርኩ። እውነቱን ብትፈልጊ የሚከፋኝ እንዳይመስልሽ።»

በማግስቱ የትናየት ሁለቱንም አስጠርታ ምን እየጻፉ እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ይድነቃቸው «ቆቦ ድርቅ 1977» ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈውን አሳያት።

«ፈረንጅ ሰባ ሰባትን በምን ያውቀዋል? እሱ ጋ ያ ጊዜ ሰማንያ አራትና ሰማንያ አምስት ነው። ደሞ ቆቦን ያኔ እንዴት ይጽፉት እንደነበር አስባችኋል? አንዱ እንደዚህ፣ አንዱ እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ሁሉንም ሞክሩ። ያገኛችሁትንም ማን እንዳስቀመጠው እዩ፤ ስሙን የደበቀ ሰው የጻፈው ከሆነ እለፉት።»

ዓመተ ምሕረቱን ለወጡ። የከተማዋን ስም ሲገለባብጡ ቆዩና፣ ነጃት በእንግሊዝኛ ሁለት «ቢ» አድርጋ ስትጽፈው ሌላ ዓለም ተከፈተ። የእርዳታ ሪፖርቶች ወጡ፤ የእህል መኪናዎች ዝርዝር፣ የድሮ ጋዜጣ ቁራጭ። ከዚያ የአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት መጣ። አንድ ፎቶ አንሺ ከመሞቱ በፊት ፊልሞቹን በሙሉ ለዩኒቨርሲቲው ሰጥቶ ኖሮ፣ አንድ በአንድ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል።

ሦስት ፎቶዎች የቆቦ ናቸው። ሁለቱ ላይ ድንኳንና ወረፋ ነው የሚታየው። ሦስተኛው ላይ ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ጎንበስ ብላ የአንዲት ትንሽ ልጅ ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ ትለካለች። ልጅቷ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ሴትየዋ ፊት ቀና ብላ ነው የምታየው። ከሥሩ «ጤና ረዳት ሸዋዬ፣ ቆቦ የመመገቢያ ጣቢያ፣ ሚያዝያ» ይላል፤ ዓመቱ በእነሱ አቆጣጠር ሰማንያ አምስት ነው።

«ሸዋዬ?» አለ አሊ፣ ነጃት ማታ ቤት ገብታ ስሙን ስትነግረው። «እኔን መርፌ የወጋችኝ ሸዋዬ ናታ! ጡረታ ወጥታ ሮቢት ነው የምትኖረው።»

በማግስቱ ነጃት ይህን ለየትናየት ስትነግራት አሁኑኑ ካልሄድኩ አለች። የትናየት ግን አረጋጋቻት። «ሸዋዬ የሚባል ሰው ብዙ ነው። ሄዳችሁ ስታገኟት ስሙን አትንገሯት፤ ከሥር ያለውንም አታንብቡላት። ፎቶውን ብቻ አሳዩአትና ዝም በሉ። የምትናገረው ከእሷ የመጣ ይሁን።»

ቅዳሜ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍረው ሮቢት ወረዱ። አንድ ባለባጃጅ ሲጠይቁ ቤቷን ያውቀዋል። ሸዋዬ ግቢዋ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጣ ከመስኖ የመጣ ሽንኩርት ትለያለች፤ የበሰበሰውን ወደ አንድ ወገን፣ ደህናውን ወደ አንድ ወገን። ጠጉሯ ሸብቷል፣ እጆቿ ግን ፈጣን ናቸው። ሰላምታ ሰጥተው፣ የአሊ ልጅ መሆኗን ነጃት ተናግራ፣ ስልኩን ዘረጋችላት።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ይቺን ቢያዩልን ብለን ነው።»

ሸዋዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ስልኩን ተቀበለች። አራቀችው፣ አቀረበችው።  ይድነቃቸው ሊናገር አፉን ሲከፍት ነጃት በክርኗ ጎሰመችው።

«ሻሹ የእህቴ ነው» አለች ሸዋዬ በመጨረሻ። «ለሥራ ተውሼ ሳልመልስላት ቀረሁ።» ቀጠለችና «ይቺ እኔ ነኝ እኮ» አለች፤ ለእነሱ ሳይሆን ለራሷ የምትናገር ትመስል ነበር። «ከየት አመጣችሁት?»

ነጃት ነገረቻት። ሸዋዬ ስልኩን አልመለሰችም። በጦርነቱ ጊዜ ከቤቷ ሸሽታ ስትመለስ ያገኘችው ባዶ ግድግዳ ነበር፤ የምስክር ወረቀቷም፣ የሠርጓ ፎቶም፣ የወጣትነቷ ምስል በሙሉ የለም። «ልጆቼ እኔን እንዲህ ሆኜ አይተውኝ አያውቁም» አለች። «አሮጊት ሆኜ የተወለድኩ ነው የሚመስላቸው።» ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

ስለ ልጅቷ ጠየቋት። ስሟን አታስታውስም። «ከዋጃ በኩል ከአክስቷ ጋር የመጣች ናት። ክንዷ በጥብጣቡ ላይ ከቀዩ አልፎ ቢጫው መስመር ላይ ሲደርስ እንደ ሠርግ ነበር የተደሰትነው። ድና ወጣች፤ በእግሯ ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

ወሩን ግን አልተስማማችበትም። ሚያዝያ አይደለም፣ ጥር ነው፤ በሚያዝያ እኔ ኮረም ተዛውሬ ነበር አለች። ነጃት ሁለቱንም ጻፈች።

ይድነቃቸው ሲቁነጠነጥ ቆይቶ ያን የመጀመሪያውን ፎቶ አሳያት። «ይሄ ቆቦ ነው እየተባለ ይለጠፋል፤ ግን አይደለም። እኔ ምን ችግር አለው ባይ ነበርኩ።»

ሸዋዬ ሴትየዋንና ልጆቿን አየቻቸው። «ውይ፣ የማን ልጆች ይሆኑ?» አለች። «ይቺም እናት ናት፣ ልጄ። ስሟን ደምስሰን መከራዋን የኛ ነው ካልን የሷን ማን ይናገርላት? የኛም እኮ ነበረ። እኛም ነበርን።»

ይድነቃቸው አንገቱን ደፋ።  ቆቦ ላይ ከሚኒባሱ ሲወርዱ «ሽፋኑን እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

ጽሑፉን እንደገና ጻፉት። ከየት እንዳገኙት መናገር የማይችሉትን አንድም ነገር አላስገቡም። ስለ ወሩ «መዝገቡ ሚያዝያ ይላል፤ ጤና ረዳቷ ጥር ነው ይላሉ» ብለው ተዉት። ነጃት አንዱን መምረጥ ያለባት መስሏት ነበር፤ የትናየት ግን «ያላወቃችሁትን እንዳላወቃችሁ መጻፍ ይፈቀዳል» አለቻት። ለቤተ መዛግብቱም የትናየት እንግሊዝኛውን አርማላቸው ኢሜይል ላኩ፤ ሸዋዬ በሕይወት እንዳለችና ምን እንዳለች ተረኩላቸው።

ሳምንታት አለፉ። ነጃት ተስፋ ቆርጣ ነበር። አንድ ቀን መልስ መጣ፤ ጻፊዋ የመዛግብቱ ሠራተኛ ናት። የፎቶ አንሺው የራሱ ማስታወሻ ስለጠፋ የወሩን ነገር መወሰን እንደማይችሉ፣ ሁለቱንም ግን ከፎቶው ሥር እንደሚያሰፍሩ ጻፈች። ፎቶውንም በትልቁ፣ ለማተም በሚሆን ጥራት ላከችላቸው። የጤና ረዳቷ ሙሉ ስም ማን ነው ብላም ጠየቀች።

ቆቦ ፎቶ ቤት አሳትመው፣ በመስታወት አስገጥመው ሮቢት ወሰዱላት። ሸዋዬ ግድግዳው ላይ ራሷ ሰቀለችው፤ አጋደለ፣ አስተካከለችው፣ እንደገና አጋደለ። ጎረቤት ተጠራርቶ መጣ። አንዷ «እውነት አንቺ ነሽ?» ስትላት ሸዋዬ «ማን ልሁን ታዲያ!» አለች ኮራ ብላ።

ነጃት የሠራተኛዋን ጥያቄ ነገረቻት።

«ሸዋዬ በላቸው ብለሽ ጻፊላት» አለች ሸዋዬ። «አባቴ በላቸው ይባላል፤ በዚያው ዓመት ነው የሞተው። መቃብሩ ላይ እንኳ አልተጻፈለትም።»

ነጃት እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። ሸዋዬ አጠገቧ ሆና እያንዳንዱን ፊደል ተከታተለች። ኔትወርኩ ተንቀረፈፈ፤ ነጃት ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ ግቢው በር ሄደች፣ ሸዋዬም ተከትላት ሄደች። መልእክቱ ሲላክ ሁለቱም አዩት።

«አሁን ደግሞ ዋጃ እንሂድ» አለች ነጃት።

«ዋጃ ምን አለ?»

«ልጅቷ። አክስቷን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። እርስዎም አብረውን ቢሄዱ።»

ሸዋዬ ሽንኩርቷን አየች፣ ፀሐዩን አየች። «ነጠላዬን ላምጣ» አለችና ወደ ቤት ገባች።