የጠበበችው ቀዳዳ

ፎቶ አንሺዋ አራተኛውን ፊልም አጥባ ስታወጣም የእናቷ ደጅ ዛፍ ጉም መስሎ ወጣ። ዛፉ ለመንገድ ሥራ ሐሙስ ይቆረጣል። እናቷ ቅጠሉ እንደ ጥጥ ነጥቶ እንዲታይላቸው ስለፈለጉ፣ ዓይን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን፣ ሌንስ በሌላት የቆርቆሮ ካሜራ ነበር የምታነሳው። በሌንስ ፈንታ ብርሃን የምታስገባውን ቀዳዳ የሚበሳላት ሰዓት ሠሪው ወንድሟ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ሌላ ጠበብ ያለ ብሳልኝ።»

«ሦስቴ አጠበብኩልሽ፤ ሦስቴም ባሰበት።»

ተናዳ አራቱን ፎቶዎች በተራ ደረደረቻቸው። የሚሻለው በሰፊው ቀዳዳ የተነሳው የመጀመሪያው ነበር። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ የኢንፍራሬድ ሞገድ ደግሞ ረጅም ስለሆነ ይብስበታል። ይህንን ለፎቶ ተማሪዎቿ ስንቴ አስተምራለች!

«ከመጀመሪያውም አስፍተህ ብሳልኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ሳምንቱን ሙሉ ያንጨረጨርሽኝ ለዚህ ነው?» አለና በሳላት።

ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻዋን ፊልም ይዛ ስትደርስ፣ ቆራጮቹ ቀድመዋት የዛፉን ቀኝ ጎን መልምለው ጨርሰዋል። አለቃቸውን ለምና አሥር ደቂቃ አስቆመቻቸውና አነሳች።

ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። እናቷ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

«ጎበዝ ልጄ፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ግን ልብስ የማሰጣበት ቅርንጫፍ የታለ?»

አጠገባቸው የቆመውን ወንድሟን ቀና ብላ ማየት አቃታት።