ጉቶው ይይዘዋል

እሌኒ ከወለደች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከሰባታሚት ቀበሌ ወዲያ በተመሠረተው አዲሱ መንደር፣ ለዳገቱ ከሁሉ በቀረበው ቤት ውስጥ፣ ሕፃኗን ታቅፋ መደቡ ላይ ተጋድማለች። ዓይኗ ከጓዳው ግድግዳ አይነቀልም። የ1981 የነሐሴ ዝናብ ሳያባራ አራተኛ ቀኑን ይዟል። ትናንት ደህና ይዘጋ የነበረው የጓዳ በር ዛሬ አልገጥም ብሏል። ከምሰሶው ሥር ውኃ ይመነጫል፤ ጠዋት ኩልል ያለ ነበር፣ አሁን ደፍርሷል።

ፍርሃቷ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። መንደር ምሥረታ የተባለ ጊዜ የዳገቱ ዛፍ ተመንጥሮ ለቤት መሥሪያ ዋለ። ሽማግሌዎቹ "ታዲያ አፈሩን ምን ይይዘዋል?" ብለው ቢጠይቁ፣ ሁሉን አወቅ የሆነው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር "ጉቶው አለ አይደል? ጉቶው ይይዘዋል!" ብሎ አስጨበጨበ። እውነትም ሁለት ክረምት ያዘ፤ ሰውም አመነ። ያቆጠቆጠውን ግን ፍየል ጨረሰው። እሌኒ ከመውለዷ በፊት ማገዶ ልትለቅም ወጥታ አንዱን ጉቶ ብትስበው በአንድ እጇ ተነቅሎ መጣ። ሥሩ በስብሶ መዳፏ ላይ ፍርፍር አለ። የተቆረጠ ዛፍ ሥሩ ቀስ ብሎ እንደሚሞት ያን ቀን ገባት።

"እማማ፣ እንውጣ። ዳገቱ ሊናድብን ነው።"

አማቷ እማማ ወለተ ሚካኤል አማተቡ። "አራስ በዝናብ? ብርድ መቶሽ ብትሞችብኝ፣ ባልሽ ደሞዝ ከውትድርናው ሲመለስ ምን ልበለው?"

"ጉቶውን እኮ በእጄ ነቀልሁት!"

"በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ከዚህ ደጃፍ ንቅንቅ የለም።"

ከግድግዳው ጀርባ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ምርጊቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። እሌኒ አሮጊቷን በክርክር እንደማትረታቸው ታውቃለች፤ ተሸክማ እንዳታወጣቸው ደግሞ አቅም የላትም። አንድ ነገር ብቻ ቀራት። እማማ ወለተ ሚካኤል አራስን ብቻዋን ከመተው ሞታቸውን ይመርጣሉ፤ ጋኔን ይመታታል ብለው ለሽንት እንኳ ስትወጣ አይለዩአትም። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ አሰረችና ሮጣ ወጣች።

"ኧረ በሥላሴ! አንች ልጅ! ብቻሽን!"

ዞር አላለችም። ጭቃው ያዳልጣታል፣ ደሟ በእግሯ ይወርዳል፣ ከኋላዋ የአሮጊቷ እርግማንና ለቅሶ ይከተላታል። የመኪናው መንገድ ላይ ስትደርስ ደረሱባት። ጋቢያቸውን አለበሷትና ክንዷን ይዘው ወደ ቤት ይጎትቷት ጀመር።

"ተመለሽ ብዬሻለሁ!"

እሌኒ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። "በማርያም ይዤዎታለሁ እማማ፣ ትንሽ ይቆዩ። ትንሽ ብቻ!"

ያኔ መሬቱ አጓራ። ዳገቱ ከነጉቶው ተነሥቶ ወረደ። የቤታቸው ክዳን ለአፍታ ጭቃው ላይ ሲንሳፈፍ ታየ፣ ከዚያ የለም። የሚሰማው የሕፃኗ ለቅሶ ብቻ ሆነ።

አሮጊቷ የምራታቸውን ክንድ አልለቀቁም።

"አሁን የት ቤት ላስገባሽ፣ ልጄ?" አሉ።