የ«ሲግኔ ማርታ» እሳት ቆስቋሽ

«ይሄ እኮ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው!» አለች እታገኘሁ፣ ወረቀቱን ወንድሟ ፊት እያርገበገበች። «አባባ ጭላሎ ተራራ ላይ ተዋግተው የሚያውቁት መቼ ነው?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል!» ደመቀ የድንኳኑን መጋረጃ ወደ ታች ሳበው። «ትናንት ቀብር ላይ ተነቧል፤ አለቀ። ነገ በሠልስቱ የአርበኛ ልጆች ተሰብስበው ይመጣሉ። ምን ልበላቸው ታዲያ? አባታችን ፈረንጅ መርከብ ላይ ከሰል ሲዝቁ ነበር ልበል?»

«አዎ፣ እሱን በላቸው!»

«በቃ፣ ሐዘኑ አናትሽ ላይ ወጥቷል፤» አለና ጥሏት ወደ ለቀስተኛው ሄደ።

የሟቹን የሕይወት ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። የሰበካ ጉባኤ ሰብሳቢ ስለሆነ ስሙ እንዲነሳበት አይፈልግም። እሷ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጸሐፊነት የሰው ቃል ስትተይብ ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ የአባቷን ቃል ግን አንድ ቀን አልተየበችም።

ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይዞራል። ጎረቤቷ ማሚቱ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብላ፣ «ያ የባሕር ወሬያቸው ግን ይናፍቀናል፤» ስትል ተሰማ። ሁለቱም ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑት።

የእታገኘሁ አባት ጋሽ እንደሻው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈር መሳቂያ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ «ጋሽ ባሕሩ» ነበር የሚባሉት። አሰላ ቁጭ ብሎ ስለ ባሕር የሚያወራ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ጣሊያን ወላጆቻቸውን ኢተያ ላይ ሲፈጅባቸው አባቷ ገና ልጅ ነበሩ። ሸሽተው በጅቡቲ በኩል ኤደን ገቡ። እዚያ አንድ ደላላ የሞተ እሳት ቆስቋሽ መታወቂያ አስጨበጣቸውና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስምህ አሊ ነው፤» አላቸው። በዚህ ስም ነው «ሲግኔ ማርታ» የምትባል የኖርዌይ የጭነት መርከብ ላይ የወጡት።

«ጀርመን አገራቸውን ሲይዝ መርከቢቱ ባሕር ላይ ነበረች፤» ይሉ ነበር። «በሬዲዮ ‹ተመለሱ› ተባሉ። ካፒቴኑ እንቢኝ አለ፣ ከእንግሊዝ ጋር ወገነ። እነሱም አገር የላቸው፣ እኔም አገር የለኝ፤ ተግባባን።»

ከደርባን ከሰል፣ ከቦምቤይ ጥይት እየጫኑ ወደ ስዊዝ ወደብ ተመላለሱ። አባቷ ከመርከቧ ሆድ ውስጥ፣ ከስድስት ሶማሌና የመኖች ጋር፣ ምድጃው አፍ ላይ ከሰል ሲዝቁ ዋሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞዛምቢክ አጠገብ አየር ሊወስዱ ወደ ላይ ብቅ ባሉበት ቅጽበት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ የተኮሰው ቶርፒዶ መርከቢቱን መታት። ስድስቱም እዚያው ቀሩ። አባቷ ዘጠኝ ቀን ጀልባ ላይ ሰንብተው ተረፉ፤ ሲያገግሙም ሌላ መርከብ ላይ ወጡና ጦርነቱ እስኪያልቅ ሠሩ።

አሰላ ሲመለሱ አርበኞቹ፣ «አንተ የት ነበርክ?» አሏቸው።

«ባሕር ላይ።»

ሳቁባቸው። በዚያ ሳቅ ውስጥ ሰባ ዓመት ኖሩ።

ይሁንና አንድ ሰው አምኗቸው ነበር። በንጉሡ ጊዜ ለእርሻ ሥራ አሰላ የመጣ ኖርዌያዊ ታሪካቸውን ጽፎ ይዞ ሄደ። ወረቀቱ ስንት ዓመት ተንከራትቶ የጦርነት ዘመን መርከበኞችን ስም ከሚሰበስቡ ሰዎች እጅ ገባና፣ የዛሬ ሦስት ዓመት በአባቷ ስም የተላከ ደብዳቤ ለእታገኘሁ ደረሳት። «ዝርዝራችን ላይ አሊ የሚባል እሳት ቆስቋሽ አለ፤ እርስዎ እሱ ከሆኑ በእውነተኛ ስምዎ ልንጽፍዎ እንፈልጋለን፤» ይላል።

እታገኘሁ እየሮጠች ደመቀ ጋ ሄደች። እሱ ግን ፊቱ ተለወጠ። «አሊ? አብደሻል? ክርስትናቸውን ክደው ነበር ቢባልስ? ነገ ቤተ ክርስቲያን አይቀበሩም ሲባል ልታዪ ነው?»

ፈራች። እውነቱን ለመናገር፣ እሷም አፍራ ነበር። በገዛ እጇ፣ «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም፤» ብላ ተይባ ላከች።

ኖርዌያዊው ከሄደ ጀምሮ መልስ የሚጠብቁት አባቷ በየሳምንቱ፣ «መልስ መጣ?» ይሏታል። አንድ ቀን መረራትና፣ «መጥቷል አባባ። ስምዎ የለም አሉ፤» አለቻቸው።

«የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያ ዋሽቼ ይሆናላ፤» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ባሕር አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሞቱ።

በሠልስቱ የአርበኛ ልጆች መጡ። መሪያቸው ሽማግሌው አቶ ሀብተ ማርያም የአባታቸውን ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ ደርድረው፣ «የጭላሎው ጀግና አርበኛ እንደሻው…» ብለው ገና ሲጀምሩ፣ እታገኘሁ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች።

«አባቴ አርበኛ አልነበሩም! መርከብ ላይ እሳት ቆስቋሽ ነበሩ። ስድስት ጓደኞቻቸው ባሕር ውስጥ ቀርተዋል። ደብዳቤ መጥቶላቸው ነበር፤ እኔ ነኝ የለም ብዬ የመለስኩት። እኔ ነኝ ውሸታም ያደረግኋቸው!»

«ውይ በሞትኩት! የአባቷ የባሕር ወሬ በእሷም ተነሳባት፤» አለች ማሚቱ።

«ያዟት እንጂ! ምን ታያላችሁ?» ደመቀ ጮኸ። ሁለት ሴቶች ክንዷን ያዙ።

«ልቀቋት፤» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም። ቀርበው ፊቷን ትኩር ብለው አዩት። «ልጄ፣ የእኔ አባት አጠገቡ የወደቁትን ሰዎች ስም እስኪሞት ድረስ ይጠራ ነበር። ያንቺም አባት ያልሽው ቦታ ከነበሩ ጠርተውልሻል። እስቲ ስድስቱን ጥሪልኝ፤ እኔ አምንሻለሁ።»

ታውቃቸዋለች። ልጅ ሳለች አባቷ ጸጉሯን እያበጠሩ ደጋግመው ይጠሩላት ነበር። ቀኝ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፍ ጀመር።

«ሳልህ። ሙክታር። ትልቁ ዑመር። ትንሹ ዑመር። ጃማ።»

ማሚቱ እንኳ ንፍሮ ማኘኳን አቆመች። እታገኘሁ የግራ አውራ ጣቷን ዘረጋች።

ስድስተኛው ስም አልመጣላትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአባቷ አፍ አልሰማችውም።

«እሺ ልጄ፣ ስድስተኛውስ?» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም።

እታገኘሁ ጣቷን እንደዘረጋች ወደ ቤቱ፣ ወደ አባቷ መኝታ ክፍል በር ዞረች።

«አባባ፣ ስድስተኛው ማን ነበር?»