ጠርሙሱን ማን ከፈተው?

ማፑሌ በማሴንትሌ የቀናችው፣ ይህች በአገሩ ልማድ ገና የሙሽራ ስም የወጣላት ዕለት ነው። ማፑሌ ራሷ ሙሽራ ሆና ስትገባ ዝናብ ይጥል ስለነበር፣ አማቷ ማታካኔ «ማፑሌ»፣ የዝናብ እናት፣ ብለው ሰየሟት። ትንሹ ልጃቸው ያመጣትን ሚስት ግን «ማሴንትሌ»፣ የውበት እናት፣ አሏት። ለእኔ ጭቃ፣ ለእሷ ውበት! ይህ ነገር ከማፑሌ ጉሮሮ ወርዶ አያውቅም።

አሁን ደግሞ የማድረቂያው ጎጆ ነገር መጣ። ማታካኔን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ካናቢስ እያደረቁ ልጆቻቸውን ያሳደጉበትን ጎጆ ዘንድሮ ከሁለቱ ምራቶቻቸው ለአንዷ ሊያስረክቡ ነው። «የተሻለ መዓዛ ያመጣች ቁልፉን ትውሰድ» አሉ።

ማፑሌ እንደ አማቷ አበባውን ጥላ ውስጥ ሰቅላ አደረቀችና በጆንያ አስቀመጠችው። ማሴንትሌ ግን ከማሴሩ ከተማ አፈ ሰፊ ጠርሙሶች አስመጥታ፣ የአበባው ጭራሮ ሲሰበር ቀጭ ማለት እንደጀመረ ሞላቻቸው፤ ክዳኑንም ጥርቅም አድርጋ አልጋዋ ሥር ደረደረቻቸው።

«እትዬ፣ ከዚህ ወዲያ ሽታው የት አባቱ ይወጣል!» አለች እየሳቀች።

«እሱንማ እናያለን፣ የኔ ቆንጆ» አለች ማፑሌ።

በማግስቱ ማሴንትሌ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ማፑሌ ሹልክ ብላ ገባችና ክዳኑን ሁሉ ከፈተች። መዓዛው መታት፤ ከእሷ ጆንያ ይበልጣል። ይትነን፣ ድራሹ ይጥፋ ብላ ጠበቀች፤ ኮቴ ስትሰማ መልሳ ከድና ወጣች። እንዲህ እያደረገች በየቀኑ ተመላለሰች።

መዓዛው የሚለይበት ቀን ሲደርስ ማታካኔ መጀመሪያ የማፑሌን አሸተቱ። «ደህና ነው» አሉ። የማሴንትሌን ሲያሸቱ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንቺ ልጅ! በየቀኑ እየከፈትሽ ስታናፍሺው ነው የከረምሽው፣ አይደል?»

«ኧረ እማማ፣ እጄንም አላስነካሁት። እንደታሸገ ነው።»

«አትቀልጂብኝ! እርጥበቱ ሳይለቀው ታፍኖ ቢከርም ኖሮ ሻግቶ ታገኚው ነበር። ሰው ከፍቶታል።» ሁለቱንም በየተራ አዩአቸው። «ለነገሩ ማን ይከፍትልሻል? ያው የራስሽ ሙያ ነው። እጅሽ ይባረክ!»

ማፑሌ ዝም ልትል ነበር። ምርቃቱ ዓይኗ እያየ ወደ ማሴንትሌ ሲሄድ ግን ቅናቷ ከኀፍረቷ በለጠ።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «በየቀኑ ስከፍት የከረምኩት እኔ ነኝ!»

«ለምን ብለሽ?»

«ሽታው እንዲጠፋ።»

ማሴንትሌ አፏን በእጇ ያዘች። ማታካኔ ቁልፉን በማሴንትሌ መዳፍ ላይ አኖሩ፤ ከዚያ ወደ ትልቋ ምራታቸው ዞሩ።

«ጠርሙሶቹን ወደፊትም አንቺ ትከፍቻቸዋለሽ፤ እጅሽ ለምዶታል። ጠዋት ጠዋት እየመጣሽ በሩን አንኳኪ፣ እሷ ታስገባሻለች።»