ጋራዥ ሲደርስ የሚድን መኪና

ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙን ይጨምርበታል እንጂ አይደብቅም። የጥብቄ እናት መኪና ግን ገና የጋራዡን በር ሲያይ ይድናል። የነዳጅ መርገጫውን ሲረግጡት ይወርዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል፤ ሞተሩም እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል። መንገድ ላይ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ከሄደ በኋላ ግን ነዳጁ እንደተረገጠ ይቀራል፤ እግር ቢያነሱለትም መኪናው ልሂድ ባይ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ምን ይሉታል? ጥብቄ የሚለው ነበረው፤ እዚህ ግን አይጻፍም።

ጥብቄ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። እጁ የገባውን ብሎን ሁሉ ሁለት ጊዜ ያጠብቃል ብለው ደንበኞቹ ያወጡለት ነው፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። ሜካኒክ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ዘግቷል። እናቱ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ታላቅ እህቷን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ታደርሳለች። አክስትየዋ ከእጥበቱ ስትወጣ ጉልበት የሚባል ነገር አይኖራትም፤ አውቶቡስ ተጋፍታ አትገባም። አንድ ቀን ከቀረች ደግሞ እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ያ አሮጌ መኪና ቆመ ማለት እሷም ቆመች ማለት ነው።

እናትየዋ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረችው ከሦስት ወር በፊት ነበር።

«ነዳጁ እየያዘ አስቸገረኝ። የጭስ ማውጫውን ከሠራህልኝ ወዲህ ነው።»

ደሙ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ሜካኒክ ማናደድ የፈለገ ሰው ስድብ አያስፈልገውም፤ «አንተ ከነካኸው ወዲህ» ይበለው፣ ይበቃዋል። ሬዲዮው የዘጋበትም፣ ጎማው የተነፈሰበትም፣ መስኮቱ አልወርድ ያለውም «አንተ ከነካኸው ወዲህ» ነው የሚለው። አሁን ደግሞ የገዛ እናቱ!

«እማዬ፣ ጭስ ማውጫና ነዳጅ ምን አገናኛቸው?»

«እኔ ምን አውቄ። ያየሁትን ነው የነገርኩህ።»

መቼም እናት ናትና አየላት። መጀመሪያ መርገጫው ሥር ያለው ምንጣፍ እንዳይሆን ብሎ አወጣው። አልሆነም። በሁለተኛው ካርቡራተሩን አውርዶ በቤንዚን አጠበው። በሦስተኛው ነዳጁን የሚመልሰውን ሞላ በአዲስ ቀየረ። በአራተኛው ከመርገጫው እስከ ካርቡራተሩ የተዘረጋውን ካቦ ጫፉ ላይ ዘይት አጠጣው። በየጊዜው በእጁ ይስበዋል፣ ይለቀዋል፤ ካቦው ጣ! ብሎ ይመለሳል። ሰፈሩን ሁለት ዙር ይዞረዋል፤ ምንም የለም። እናትየዋ ይዛው ትሄድና በሳምንቱ ትመጣለች። «ያዘኝ።» ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

ቆሽቱን የሚያሳርረው ሌላም ነገር ነበር። እናትየዋ ወረፋ ታከብራለች። መኪናዋን አጥር ጥግ ታቆምና ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከመጨረሻው ሰው ቀጥላ ትቀመጣለች። «ነይ እንጂ እማዬ!» ሲላት «የልጄ ጋራዥ ነው ብዬ የሰው ሰዓት አልበላም» ትላለች። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። ተራዋ ደርሶ ኮፈኑን ሲከፍት ሞተሩ በረዶ ሆኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ለጥብቄ ይህ አልታየውም። የታየው ሥራ አስፈትታው በሰው ፊት የምታሳጣው እናቱ ብቻ ነበረች።

እህቱ ደግሞ በስልክ ትነዘንዘዋለች። «ሰባ ዓመት አልፏታል እኮ! አንድ ቀን ሰው ገጭታ እናለቅሳለን። ቁልፉን ተቀበላት!»

ለአምስተኛ ጊዜ የመጣችው ሰኞ ቀን ነበር። ጥብቄ የሰው መኪና ማርሽ አውርዷል፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኗል፤ አግዳሚው ላይ አራት ደንበኞች ተደርድረዋል። የእናትየዋ ተራ ደረሰ። ነዳጁን ሳበው፣ ለቀቀው። ጣ! ደግሞ ሳበው። ጣ! ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረው።

«እማዬ በቃ! መኪናው ጤነኛ ነው። እግርሽ ነው!»

«ምን አልክ?»

«እግርሽ ነው ያረጀው! ፍሬን የረገጥሽ እየመሰለሽ ነዳጅ ትረግጫለሽ። ሰው ከመግደልሽ በፊት ቁልፉን ስጪኝ።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ስልካቸው ውስጥ ተደበቁ። እናትየዋ እግሯን ቁልቁል አየችው፤ ጥቁር ጠፍጣፋ ጫማ፣ ዛሬም የተወለወለ። ከዚያ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ካቻቢቴዎቹ መሃል አስቀመጠችው።

«ነገ አክስትህን ማን ያደርሳታል?»

«እኔ አደርሳታለሁ።»

«ሁለት ሰዓት ላይ መድረስ አለባት» አለችና በእግሯ ሄደች።

ጥብቄ ያን ቀን ያጠበቀውን ብሎን ሁሉ ሦስት ጊዜ አጠበቀ። ጥፋት ያልሠራ ሰው እንዲህ ይበሳጫል? አይበሳጭም። እሱ ግን «ለራሷ ብዬ ነው» እያለ አመሸ።

ማክሰኞ ጠዋት አክስትየዋ የፊት ወንበሩ ላይ ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ጥብቄ በእናትየዋ ልክ የተጠጋውን የሾፌር ወንበር እያጉረመረመ ወደ ኋላ ገፋው። መንገዱ ሰላም ነበር። ሃያ ደቂቃ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። «አየሽ አክስቴ? ምንም የለውም» አለ።

«እሱ የሚይዘው ዳገቱ ላይ ነው» አለች አክስትየዋ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ።

ዳገቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከፊታቸው ይዳክራል። ጥብቄ እግሩን አነሳ። ነዳጁ ግን አልተመለሰም። ፍሬን ረገጠ፤ ሞተሩ እያገሳ ይገፋዋል። የጭነት መኪናው ቂጥ እየቀረበ፣ እየሰፋ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው ሜካኒክ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጎንብሶ መርገጫውን በእጁ ሊነቅል!

«መሪውን ያዝ አንተ ልጅ!» አለች አክስትየዋ። «ተንፍስ። ፍሪሲዮን ርገጥ። ማርሹን አውጣው። ወደ ዳር ውጣ።»

«ሞተሩ ይጮሃል!»

«ይጩህ። ጩኸት ማንንም አልገደለም። እንዳታጠፋው፣ መሪው ይቆለፍብሃል። መጀመሪያ ይቁም... እሺ። አሁን አጥፋው።»

ቆሙ። ጥብቄን ላብ አጥምቆታል። አክስትየዋ የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ ታስተካክላለች።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ማን ያስተምረኛል? እናትህ ስታደርገው አይቼ ነው እንጂ! መጀመሪያ ‹ተንፍሺ› ትለኛለች፤ ምጥ ላይ ያለሁ ይመስል። እሷ ዘጠኝ ጊዜ አቁማዋለች።»

ዘጠኝ ጊዜ! ዘጠኝ ጊዜ በዚህ ዳገት ላይ ያንን የሚያገሳ ነገር በሁለት እጇ ይዛ ዳር አውጥታዋለች፤ አንድ መስታወት እንኳ አልተሰበረም። ከዚያ መጥታ አግዳሚ ላይ ተራዋን ጠብቃለች። እሱ ደግሞ ነዳጁ አንድ ጊዜ ቢይዝበት፣ እንኳን መኪናውን ራሱንም መያዝ አቃተው። አፈር ልብላ አለ፤ በሆዱ ሳይሆን ድምፁን አውጥቶ።

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ትኩሳቱ ፊቱን ገረፈው። ካርቡራተሩ ላይ ያለውን ጫፍ ነካው፤ ተስቦ ቀርቷል፣ ሞላው ሊመልሰው አልቻለም። ካቦውን በዓይኑ ተከተለው፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። የካቦው የፕላስቲክ ልባስ በጋለው የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ ተኝቷል። ልባሱ ለስልሶ፣ አብረቅርቆ፣ ውስጡ ያለውን ሽቦ ጭምቅ አድርጎ ይዞታል። ሲቀዘቅዝ ይጠነክርና ይለቀዋል። በፒንሳ ቀስ አድርጎ ከቱቦው ላይ አነሳው። ደቂቃዎች አለፉ። ጣ! ብሎ ተመለሰ።

ጭስ ማውጫና ነዳጅ ምን አገናኛቸው? ይኸው አገናኛቸው።

ካቦውን ከቱቦው አርቆ የሚያቅፍ ጣት የምታህል የብረት መያዣ መኖር ነበረባት። ቀዳዳው አለ፤ መያዣዋ የለችም። የት እንዳለች ጥብቄ አሳምሮ ያውቃል። ከሦስት ወር በፊት ጭስ ማውጫውን ሲሠራ እጄን አላስገባ አለችኝ ብሎ ፈትቷታል። በመሃል አንድ ደንበኛ ጠራው፤ ትርፍ ብሎን የሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ውስጥ ወረወራት። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ይህንኑ ኮፈን ከፍቷል፤ ይህን ክፍት ቀዳዳ አይቶታል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል! ያንን የነገረችው የማያውቃት ደንበኛ ብትሆን ኖሮ ቢያንስ ይህ ቀዳዳ የምን ነው ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነበር።

«ሰዓት ሄደ» አለች አክስትየዋ በመስኮት።

የቀኝ ጫማውን ክር ፈትቶ ካቦውን ከቱቦው አርቆ አሰረው። ቀሪውን መንገድ በልቅ ጫማ፣ በቀስታ ነዳ። ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ደረሱ።

ከሰዓት በኋላ አክስቱን ቤቷ አስገብቶ ጋራዡ ሲመለስ እናቱ አግዳሚው ላይ ናት። የእህቷን ነገር ለመስማት በእግሯ መጥታ፣ ከአንድ ባለታክሲና ከአንድ ዳቦ አከፋፋይ ቀጥላ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እነዚያ ሁለቱ ትናንትም ነበሩ። ጥሩ፤ የሰደባት እነሱ ፊት ነው።

ጫማውን እየጎተተ ፊቷ ቆመ።

«እማዬ፣ እግርሽ አይደለም። እጄ ነው።»

እናትየዋ ቀና ብላ አየችው። «አክስትህ ደረሰች?»

«ደርሳለች። ጭስ ማውጫውን ስሠራ የነዳጁን ካቦ መያዣ ፈትቼ ረስቼው ነው። ገና የመጀመሪያ ቀን ነግረሽኛል። አልሰማሁሽም፤ ደግሞም ሰደብኩሽ። ይቅር በይኝ።»

«የጫማህ ክር የት ሄደ?»

«ሞተሩ ውስጥ ነው።»

ባለታክሲው ሳቁን መዋጥ አቃተው። እናትየዋ ግን አልሳቀችም። ዓይኗን ወደ አጥሩ አዞረችና አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። 

«ነይ፣ አሁን ልሥራልሽ» አለ ጥብቄ።

«ሁለት ሰው ይቀድመኛል።»

«እማማ፣ በፈጠረዎ ይቅደሙን!» አለ ዳቦ አከፋፋዩ ብድግ ብሎ። «እንዲህ ከሆነ እኛም እኮ የተፈታ ነገር ሊኖረን ይችላል!»

ጥብቄ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። መያዣዋ ከታች ወጣች። አዲስ ካቦ ዘረጋ፣ መያዣዋን ቦታዋ መለሰ፣ ብሎኗን አሰረ። እናትየዋ አጠገቡ ቆማ ኮፈኑ ውስጥ ትመለከት ነበር። «እስቲ አንዴ ደግመህ አጥብቃት» አለችው፤ አጠበቃት። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ግማሽ ሰዓት እስኪግል ጠበቁ፤ ይህንን ያዘዘችው እሷ ናት። ነዳጁን ሳበው፣ ለቀቀው። ተመለሰ።

ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣት።

«ዓርብ እኔ ነኝ የማደርሳት» አለች።

«አንቺ ነሽ።»

ገብታ ተቀመጠች። የተወለወለ ጫማዋን ዘረጋች፤ መርገጫው ጋ አልደረሰም። በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«ወንበሬን ደግሞ ማን ነካው?»